የእትዬ ደብሪቱ ውክልና

ሥራ ከለቀቅሁ አራት ወር ሆነኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ግን አሁንም ሰው እጄን ይዞ ያቆመኛል። «እትዬ ጽጌ፣ ለአንድ ውክልና ስንት ቦታ ነው የሚኬደው?» ይለኛል። እኔም አመሌ ነውና እዚያው ደረጃው ላይ ቆሜ አስረዳለሁ። መጀመሪያ ኖታሪው፣ ማለት ሰነድ የሚያረጋግጠው ጠበቃ ፊት ራስህ ትቀርባለህ። ወንድሜን ልላክ፣ ሚስቴ ትፈርምልኝ የሚባል ነገር የለም። ፓስፖርትህን ወይም ኤሊየን ካርድ የሚሉትን የውጭ አገር ሰው መታወቂያህን ይዘህ፣ እዚያው እሱ እያየህ ትፈርማለህ። ቤትህ ፈርመህ ከመጣህ አበቃ፣ እንደገና ይጻፋል። ደግሞ የቃለ መሐላ ኮሚሽነር የሚባለው ማኅተም ለኬንያ ጉዳይ ይሆናል እንጂ ድንበር ለሚሻገር ወረቀት አይሆንም፤ ኖታሪ ፐብሊክ የሆነ ጠበቃ ፈልግ። ከዚያ የዚህ አገር ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ኤምባሲያችን፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ።

ይህን በቃሌ ሳወርደው ሰው ይደነቃል። «አንቺ እኮ ራስሽ ሕግ ነሽ» ይሉኛል። ኤዲያ፣ እኔ ምኑ ነኝ ሕግ። እኔ ሕጉን ከማንም በላይ አውቄ የጣስኩ ሰው ነኝ፤ እሱን ደግሞ ደረጃ ላይ አቁሞ የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገረው ብዬ ነው ይህን መጻፌ።

የሠራሁበት ቢሮ ናይሮቢ መሃል ከተማ ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ከሚሸጥበት ሱቅ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ሊፍቱ ስገባ ተበላሽቶ አገኘሁት፣ ስወጣም እንደተበላሸ ተውኩት። አሁን ቢሮውን የያዘው ወጣት ጠበቃ ነው። ቀጠሮው በስልክ፣ ክፍያው በስልክ፣ ቅጹም በስልክ ሆኗል። መልካም ልጅ ነው፣ አላባረረኝም። ግን አንድ ቀን ሪባን የሚያስርና ገጽ የሚቆጥር ሰው እንደማያስፈልገው ገባኝና ቁልፌን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ናይሮቢ ስመጣ ባሌ የመኪና መለዋወጫ ይነግድ ነበር፤ እኔ አዲስ አበባ መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ንግዱ ሲከስር ሥራ ፈለግሁ። መጀመሪያ የገባሁት ኢስሊ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ባለቤቱ ምንም ዓይነት ወረቀት አምጡለት ማኅተም አያጣለትም ነበር። ወጉን አላወራውም፤ ደመወዜን አንድም ቀን በሰዓቱ ሰጥቶኝ አያውቅም፣ ይኸው ነው።

እዚያ ቤት ግን አንድ ትምህርት ተማርኩ። አቶ ከማል የሚባሉ የሞያሌ ነጋዴ አዲስ አበባ ያለ ቤታቸውን ወንድማቸው እንዲሸጥላቸው ውክልና አስጻፉኝ። እኔም አሳምሬ ጻፍኩ፦ «ንብረቴን ሁሉ እንዲያስተዳድር፣ በስሜ ማናቸውንም ነገር እንዲያደርግ»። ማናቸውንም ነገር ካልኩ ምን ይቀራል? ወረቀቱ ሁለት ወር ቆይቶ ተመልሶ መጣ። ለካ በሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ማለት ቤቱን ጠብቅ፣ ኪራዩን ሰብስብ፣ ጣራው ቢያፈስ አሠራ ማለት ብቻ ነው። መሸጥ ከተፈለገ «እንዲሸጥ» ተብሎ በስሙ መጠራት አለበት። ገዢው እስከዚያ ሌላ ቤት ገዛ። አቶ ከማል ወረቀቱን ፊቴ አስቀመጡና «እህቴ፣ አንድ ቃል እኮ ነው የጎደለው» አሉኝ። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ደብተር ገዛሁ። ሕግ የሚፈልጋቸውን ቃላት ሁሉ ከጠበቆች፣ ከተመለሱ ወረቀቶች፣ ከኤምባሲ ሰዎች እየለቀምኩ ጻፍኩበት፦ እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ በስጦታ እንዲያስተላልፍ፣ በዋስትና እንዲያስይዝ፣ ስም እንዲያዛውር፣ ጠበቃ እንዲያቆም፣ ውክልናውን ለሌላ እንዲሰጥ። ለሚያስፈልገውም ለማያስፈልገውም ሁሉንም እደረድርለት ጀመር። ከእንግዲህ የእኔ ወረቀት በቃል ጉድለት አይመለስም አልኩ። እውነትም አልተመለሰም።

በዚህ ደብተር ስሜ ወጣና ምዜ ንዚዮካ አስጠሩኝ። ምዜ የሚላቸው ሁሉም ሰው ነው፣ እኛ ጋሼ እንደምንለው። የካምባ አገር ሰው፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ትንሽ ዘንበል አድርገው የሚሰሙ ጠበቃ ነበሩ። ሐበሻ ደንበኛ ስለበዛባቸው አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይፈልጉ ነበር። «ጽ» ማለት ስለማይችሉ «ማዳም ሲጌ» ይሉኝ ነበር። እኔም ለማረም አንድ ሳምንት ታገልኩና ተውኩት።

ስለ አሠራራቸው ብዙ ባወራ አይሰለቸኝም። ጠረጴዛቸው ላይ ምንም አይቀመጥም፤ ስልክም፣ ሻይም። ፈራሚው ሲገባ ተነሥተው ይቀበሉታል። መታወቂያውን ይወስዱና ፎቶውን ያያሉ፣ ፊቱን ያያሉ፣ እንደገና ፎቶውን ያያሉ። ሰውየው መቁነጥነጥ እስኪጀምር ድረስ አይመልሱለትም። ቁጥሩን አንድ በአንድ ጮክ ብለው ይጠሩልኛል፣ እኔ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ቀጥሎ «አብሮት የመጣው ማን ነው?» ይላሉ። አብሮ የመጣው ይወጣል። ባል ይሁን፣ ልጅ ይሁን፣ ቄስ ይሁን፣ ኮሪደር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። በሩ ይዘጋል።

ከዚያ እኔ ወረቀቱን በአማርኛ ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ። ስቸኩል ጣታቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ ያደርጋሉ። አንብቤ ስጨርስ «ገልብጪው» ይሉኛል። ወረቀቱን በጀርባው እገለብጣለሁ። «አሁን በራሱ አፍ ይንገረኝ፤ በዚህ ወረቀት ምንድን ነው የሚያጣው?» እኔ አስተረጉማለሁ። ሰው የሚያገኘውን ለመናገር አይቸገርም፣ የሚያጣውን መናገር ሲችል ነው ወረቀቱ የገባው ይሉ ነበር። መልሱ ካላረካቸው ንባቡ እንደገና ከአንድ ይጀመራል። ካረካቸው ከኮታቸው ኪስ የራሳቸውን ብዕር አውጥተው ይሰጡታል። በመጨረሻ ገጾቹን እበሳለሁ፣ በአረንጓዴ ሪባን አስራለሁ፣ እሳቸው ያን የብረት ማኅተም በሁለት እጃቸው ይጫኑታል። ወረቀቱ ላይ ጎልቶ የሚወጣውን ክብ በጣታቸው ዳበስ ሳያደርጉ አንድም ቀን አላለፉትም።

መጀመሪያ መጀመሪያ «ይህ ሽማግሌ ሰው ያንገላታል» ብያለሁ። ሩንዳ ሰፈር የኤምባሲ ሰዎች ቤት የምትሠራ ልጅ ወንድሜ ነው ከምትለው ሰው ጋር እስክትመጣ ድረስ። ሰውየው ወጣ፣ በሩ ተዘጋ፣ አነበብኩላት። ልጅቱ ፊቷ አመድ መሰለ። ለካ የአባቷን ውርስ እንደተወች የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው። «ለእህቴ ትምህርት ቤት የምሥክር ወረቀት ነው ብሎኝ ነው» አለች። ምዜ መታወቂያዋን መለሱላት፣ ወረቀቱን ሁለት ቦታ ቀደዱት። ኮሪደር ወጥተውም ሰውየውን «ዛሬ ማኅተሙ ታሟል» አሉት። ያን ቀን ሦስት ፎቅ ስወርድ ብቻዬን እስቅ ነበር።

እሳቸው ግን በደብተሬ ይቀልዱብኝ ነበር። «ማዳም ሲጌ፣ አንቺ ወረቀት ስትጽፊ በሩንም መስኮቱንም ትከፍቻለሽ። ማን ይገባ ይሆን ብዬ የምጨነቀው እኔ ነኝ» ይሉኛል። እኔም በልቤ፣ ወረቀት ሲመለስ ደግሞ ሰው ፊት የሚቆመው ማን ሆነና እላለሁ። ኩራቴ እንዲህ ነበር።

እንግዲህ ወደ እትዬ ደብሪቱ ልምጣ። ዙሪያውን የምዞረው ወደ እሷ መድረሱን ፈርቼ ነው።

እትዬ ደብሪቱ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ፣ የካርጎ ሠራተኞችንና ሹፌሮችን ምሳ እየመገበች የኖረች ሴት ናት። አንድ የቆርቆሮ ዳስ፣ ሁለት ትልልቅ ድስት። በዓመት ውስጥ በዓል ካልሆነ ድስቷ ሳይጣድ የዋለበት ቀን አላውቅም። የማርያም ማኅበር አንድ ላይ እንጠጣለን። ባሌ የሞተ ጊዜ ድስቷን ለሰው ትታ ቤቴ ሰንብታልኛለች። ማንበብ አትችልም፤ ከአገር ቤት የሚመጣላትን መልእክት ሁሉ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ክፉ ዜና ከሆነ አስቀድሜ እጇን እይዛለሁ፣ ስለዚህ እጇን ስይዝ ገና ሳላነብ ታለቅስ ነበር።

በዚያ ድስት አዲስ አበባ ዳር ላይ ባለሁለት ክፍል ቤት ገዛች። የእህቷ ልጅ ትኖርበታለች። «ጉልበቴ እንቢ ሲል የምገባበት አለኝ» ትል ነበር። ሌላ ነገር ስትመኝ ሰምቻት አላውቅም።

ኤፍሬም የሟች ወንድሟ ልጅ ነው። ከአዲስ አበባ መጣና ለቤቱ አዲስ ካርታ መውጣት አለበት፣ ወኪል የሌለው ሰው ይቸገራል አላት። ቢሮዬ ይዛው መጣች። ገና ከበሩ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። በሶ ይዞልኝ መጥቷል። «እትዬ ጽጌ፣ አክስቴ ሁለተኛ እንዳትንገላታ፣ የሚያስፈልገውን ቃል ሁሉ ጨምሩበት። የእርስዎ ወረቀት እንደማይመለስ ሰምቻለሁ» አለኝ። ይህን ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ። ደብተሬን አወጣሁና ደረደርኩለት። እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ፣ ስም እንዲያዛውር። በገዛ እጄ።

የፊርማው ቀን ኤፍሬም ከሰዓት በኋላ በረራ አለው። እሷ ድስቷን ለጎረቤት አደራ ብላ ነው የመጣችው፣ ሠራተኞቹ ሰባት ሰዓት ላይ ይመጡባታል። ምዜ በዚያን ጊዜ ጉልበታቸው እየደከመ ከውስጠኛው ክፍል ብዙም አይወጡም። ንባቡንና ግልበጣውን ለእኔ ከተውልኝ ቆይተዋል፤ ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያምኑኛል።

ኤፍሬምን «ኮሪደር ላይ ቆይ» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን እንግዳ ነው። ጉልበቴን ስሟል። አክስቱ አጠገብ ተቀምጦ ነጠላዋን ያስተካክልላታል። ውጣ ብለው ሌባ ነህ ያልኩት መሰለኝ። እሷስ ምን ትለኛለች? የእኛ ነገር ይኸው ነው፤ ባዳን በሕግ እናስወጣለን፣ ዘመድን ማስወጣት ነውር ይሆንብናል። ይሉኝታ ያዘኝና ሳልለው ቀረሁ።

ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው መስመር ላይ እትዬ ደብሪቱ እጄን ነካ አደረገችኝ። «ጽጌዬ፣ አንቺ የጻፍሽውን ለእኔ ምን ታነቢልኛለሽ? ድስቴ ያርብኛል» አለች። ሦስታችንም ሳቅን። እኔም ወረቀቱን አጠፍኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ፤ እኔ ግን አፍስሼ የምለቅመውም አላገኘሁ።

ወደ ውስጥ አስገባኋት። ምዜ ተነሡላት፣ መታወቂያዋን እንደ ልማዳቸው አዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ተነበበላት?»

«አዎ፣ ምዜ።»

«ወረቀቱ ተገልብጦ ነገረችሽ?»

«አዎ።»

«ብቻዋን?»

የታጠፈውን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘረጋሁ። ከዚያ «አዎ» አልኩ።

ዝም ብለው አላመኑኝም፤ እሷንም ጠየቁ። «ኡናኤሌዋ፣ ማማ?» አሏት፣ ገባሽ ወይ ለማለት። እትዬ ደብሪቱ የገበያ ስዋሂሊ አታጣም። «ንዲዮ፣ ንዲዮ» አለች፣ አዎ አዎ ለማለት፣ በሩን በሩን እያየች። አውራ ጣቷን ቀለም ነከርኩ፣ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ከሥሩ «በአማርኛ ተነብቦላት፣ ይዘቱን ተረድታ በፈቃዷ ፈርማለች» የሚለው ላይ እኔ ስሜን ጽፌ ፈረምኩ። ምዜ ማኅተሙን ተጫኑት። እሷ ጣቷን በሶፍት እየጠረገች ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ተሳፍራ ሄደች።

ወረቀቱ ከየትም አልተመለሰም። በየቢሮው እንደ ውሃ ፈሰሰ።

አምስት ወር ቆይታ እትዬ ደብሪቱ ሳትደውል ቢሮ መጣች። ሦስቱን ፎቅ ወጥታ ትንፋሽ አጥሯታል። የእህቷ ልጅ ደውላ ሰዎች ሜትር ይዘው ቤቱን ሲለኩ ነበር ብላታለች። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ ቤቱ መሸጡን ሰፈሩ ሁሉ አውቋል። ኤፍሬም ስልኩን ዘግቷል። ቁጭ አለችና «ጽጌ፣ እዚያ ወረቀት ላይ መሸጥ የሚል አለ ወይ?» አለችኝ።

ኮፒውን አወጣሁ። ሳላወጣውም አውቀዋለሁ። «አለ» አልኳት።

«አንብበሽልኝ ነበር?»

ምን እንደመለስኩ ልንገራችሁ። «እትዬ ደብሪቱ፣ ቸኩለሽ ነበር እኮ» አልኩ። ከአፌ የወጣው ይህ ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። እሷ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሣች።

አዲስ አበባ ጠበቃ ያዘች። ጠበቃው ደውሎ ነገሩን በግልጽ አስረዳኝ። ማንበብ የማይችል ሰው አውራ ጣት ለብቻው በሕግ አያስርም፤ ያሰራት የኖታሪው ማኅተምና «ተነብቦላታል» የሚለው የእኔ ፊርማ ነው። እኔ አላነበብኩላትም ብዬ በቃለ መሐላ ከጻፍኩ ፍርድ ቤት እግድ ያወጣል። ቤቱ ገና መጀመሪያው ገዢ እጅ ነው፣ ያም ሰውዬ ከኤፍሬም ጋር የሚተዋወቅ ነው። «ግን ቶሎ ይሁን፣ እትዬ፤ ለሌላ ሰው ከተላለፈ እጃችን አጭር ይሆናል» አለኝ።

እሺ አልኩ። ሰባት ሳምንት ዝም አልኩ።

ሰባት ሳምንት ሙሉ ምን ሠራሁ? ኮምፒውተሩ ላይ «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጠቀሰው» ብዬ እጀምራለሁ፣ አጠፋዋለሁ። ጠበቃው ሲደውል ጉንፋን ይዞኛል እለዋለሁ። ሌላ ቀን መሥሪያ ቤቱ ዝግ ነው እለዋለሁ። ለራሴ ደግሞ «ለምዜ ብዬ ነው፤ በእርጅናቸው ስማቸው እንዳይጎድፍ» እላለሁ። ውሸት ነው። ለምዜ አዝኜ ሳይሆን ለራሴ ፈርቼ ነው። ሥራዬን እንዳላጣ፣ ማኅበር ላይ ሰው እንዳይጠቋቆምብኝ፣ ያቺ የማትመለስ ወረቀቴ ስሟ እንዳይጠፋ። አንዲት አሮጊት ቤቷን እያጣች እኔ ስለ ስሜ እጨነቅ ነበር።

በስምንተኛው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ምዜ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«ስንት ሳምንት ሆነው ካወቅሽ?»

«ሰባት።»

«ያላነበብሽላት ቀን» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ሰው ነሽ፣ ሰው ይቸኩላል። ሰባቱን ሳምንት ግን ምን ብዬ ልረዳልሽ?»

የውክልናውን ኮፒ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

ያንኑ ዕለት ጎዳናውን ተሻግረው፣ በዱላ እየተደገፉ፣ ሌላ ኖታሪ ዘንድ ራሳቸው ይዘውኝ ሄዱ፤ በራሳቸው ጉዳይ ራሳቸው ማኅተም አይመቱም። ማልኩ፣ ፈረምኩ። እሳቸውም ጠበቆችን ለሚቆጣጠረው ክፍል የሆነውን ሁሉ በራሳቸው እጅ ጽፈው አስገቡ፤ የማኅተሙንም ሥራ አሁን ቢሮውን ለያዘው ወጣት ጠበቃ ትተው ከዚያ በኋላ አልነኩትም። «ምዜ፣ ጥፋቱ የእኔ አይደል እንዴ?» ብላቸው «ማኅተሙ የማን ነው?» አሉኝ። እኔን አላባረሩኝም። ንባብ ላይ ግን እንዳልቀመጥ ከለከሉኝ፤ ታይፕና ሪባን ብቻ ሆንኩ። ሁለት ዓመት ኖረው ዐረፉ። አንድም ቀን አልወቀሱኝም፣ አንድም ቀን ግን እንደ ድሮው አልቀለዱብኝም።

ቃለ መሐላዬ አዲስ አበባ የደረሰው ቤቱ በሁለተኛ ገዢ ስም ከዞረ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ሁለተኛው ገዢ ልጆች ያሉት መምህር ነው፣ ምንም የሚያውቀው ነገር የለም፤ ፍርድ ቤቱም ቤቱን ለእሱ አጸደቀ። ኤፍሬም ላይ ተፈርዶበታል ይባላል፤ ሰውየው ግን የለም፣ የት እንደገባ የሚያውቅ የለም። ዘጠኝ ቀን። ከሰባቱ ሳምንት ሁለቱን ብተው ይበቃ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ እንደቆጠርኩት እኔ ነኝ የማውቀው።

እትዬ ደብሪቱ ዛሬም ኢምባካሲ ናት። ሰባዋን አልፋለች። ሁለቱ ድስት አሁን አንድ ሆኗል፣ ጉልበቷም ያለችው ደርሶ እንቢ ብሏል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው የምታማስለው። ይቅርታ ልጠይቃት ሄጄ ዳሱ ውስጥ ሠራተኞቹ እያዩ እግሯ ላይ ወደቅሁ። «ተነሺ፣ ወጡ ይደፋብሻል» አለችኝ። ካነሣችኝ በኋላም «ይቅር ብዬሻለሁ፣ ጽጌ። ቂም ይዤ ልሞት አልፈልግም» አለች። የምትለውን የምታደርግ ሴት ናት። ማኅበር ላይ አጠገቧ ታስቀምጠኛለች፣ ስታመም ትጠይቀኛለች። ከዚህ በላይ ምን ትሁንልኝ?

ባለፈው ወር ዓይኗን ሞራ ጋረዳትና ሆስፒታል ቀጠሮ ተሰጣት። አብሬሽ ልሂድ አልኳት፣ እሺ አለች። ቦርሳዋን ይዤላት፣ ክንዷን ደግፌያት ገባን። ተራችን ሲደርስ ነርስ መጣች፤ ሜላት ትባላለች፣ የእኛው ልጅ ናት፣ እዚሁ ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች።

«ማሚ፣ ቢፎር ኦፐሬሽን ይሄን ፎርም ሳይን ማድረግ አለብሽ፣ ሳዋ?» አለች፣ እሺ ወይ ለማለት። እኔን አየችና «አንቺ ታነቢላታለሽ?» ብላ ወረቀቱን ዘረጋችልኝ።

መነጽሬን ፍለጋ ቦርሳዬ ውስጥ እጄን ከተትኩ። ሥራዬ ነዋ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው። እትዬ ደብሪቱ ግን ክንዴን ይዛ አቆመችኝ። አልተቆጣችም፣ ፊቷም አልተለወጠም።

«አንቺ ተይው፣ ጽጌ» አለችኝ። «ልጅቱ ታንብብልኝ።»

ልጅቱ ግራ ገባት። «ማሚ፣ የኔ አማርኛ እኮ ጥሩ አይደለም» አለች።

«ግድ የለም። ቀስ ብለሽ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረችና «አንቺ ውጭ ጠብቂኝ» አለችኝ።

ወጣሁ። በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። በር ያልኩት መጋረጃ ነው፣ ሁሉ ይሰማል። ልጅቱ ትሰናከላለች፤ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በስዋሂሊ ትለዋለች፣ «ዊች ሚንስ... ምን ይባላል?» እያለች ትጨነቃለች። እትዬ ደብሪቱ አልቸኮለችም። «ቆይ፣ እሱን ድገሚልኝ» ትላታለች። «ባይሳካስ?» ትላታለች። «ባልፈርምስ ምን ይሆናል?» ትላታለች። ልጅቱም «ኖ ፕሮብሌም፣ ማሚ፣ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ» ትላታለች።

ሦስት ጊዜ አስነበበቻት። እኔ ቦርሳዋን ጭኔ ላይ አድርጌ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።